የደብሪቱ እንቁላልና የግራር አፋፍ ግብረ ኃይል

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ በረቱም ታሽጓል። ዝም ብላችሁ ተራርቃችሁ ተቀመጡና ስሙኝ።

ግራር አፋፍ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። አንድ አስፋልት፣ ሁለት ወፍጮ ቤትና አንድ ማዘጋጃ ቤት ነበራት። ወረርሽኙ የገባ ሰሞን ደግሞ አንድ ግብረ ኃይል ተጨመረላት። በሽታው የእውነት ነበር፤ ይገድል ነበር፤ ሰው መፍራቱም ልክ ነበር። የግራር አፋፍ ግብረ ኃይል ግን በሽታውን ፈልጎ ቢያጣው ሱቅ ማሸግ ጀመረ። ሱቅ ባለበት ቆሞ ስለሚጠብቅ ለመያዝ ይቀላል።

በዚህች ከተማ ወይዘሮ ደብሪቱ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ጫጩት ማስፈልፈል ነው። ከአስፋልቱ ዳር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ወንድሟ ከአሮጌ ቁም ሣጥን የሠራላት ማስፈልፈያ አላት። አራት አምፖል ያሞቀዋል፤ አንድ የውሃ ሳህን ያረጥበዋል። መቶ ሰማንያ እንቁላል ይይዛል። እንቁላል በሃያ አንድ ቀኑ ይፈለፈላል፤ እስከዚያው ጠዋትና ማታ ማገላበጥ፣ ሳህኑም እንዳይደርቅ ውሃ መጨመር ግድ ነው። እናት ዶሮ ብትሆን ይህን ሁሉ ማንም ሳያዛት ታደርገው ነበር። ቁም ሣጥን ግን ሰው ይፈልጋል። ደግሞ የደብሪቱ የዓመት ኑሮዋ ያ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበራትም።

ግብረ ኃይሉ አንድ ዝርዝር አወጣ። ዳቦ ቤት ይሠራል፤ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ መድኃኒት ቤት ይሠራል፤ የእንስሳት እርባታ ይሠራል፤ ሌላው ሁሉ ይታሸጋል። ጫጩት አስፈልፋይ የሚል ቃል ዝርዝሩ ላይ አልነበረም። ከልክለዋት አይደለም፤ ማናቸውንም ትዝ አላላቸውም እንጂ።

እንቁላሉ አሥራ አምስተኛ ቀኑን በያዘበት ጠዋት ደብሪቱ ሳሙና ልትገዛ መድኃኒት ቤት ደርሳ ስትመለስ በሯ ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘች። ከበሩ እስከ መቃኑ የተዘረጋ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። አጠገቡ ደንብ አስከባሪው ውባንተ ሙጫውን ከጣቱ ላይ እየፈገፈገ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችው።

«ምንም አላጠፉም እትዬ ደብሪቱ። ዝርዝሩ ላይ የሉም።»

«እንቁላሌን ላገላብጥ። ገባ ብዬ ወጣ ነው፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«ማሸጉ የኔ ነው፤ ማንሣቱ ግን የኔ አይደለም። ንግድ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ ይጻፍልዎት፤ እኔ ወዲያው አነሣዋለሁ።»

«አንተው የለጠፍከውን አንተው መላጥ አቃተህ?»

«እጄ የተፈቀደለት ለመለጠፍ ብቻ ነው፣ እትዬ።»

ደብሪቱ በበሩ ስንጥቅ አጮልቃ አየች። አምፖሎቹ እንደበሩ ናቸው። እንቁላሎቹም በረድፍ በረድፍ ተቀምጠው ይጠብቋታል። ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አላነሣም አለ፤ ወረቀቱ በሩን አልለቅም አለ፤ በሩ ደብሪቱን አላስገባም አለ፤ እንቁላሉም ሳይገላበጥ ዋለ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ኃላፊው አቶ ጥጋቡ ወንበራቸውን ከመስኮቱ ሦስት ሜትር አርቀው ተቀምጠዋል። ማመልከቻዋን በረጅም ማስመሪያ ጎትተው ወሰዱ፤ አልኮል ረጩበት፤ ገለበጡና ጀርባውንም ረጩት። የእስክሪብቶው ቀለም ተንጠባጥቦ ወረቀቱ ሰማያዊ ኩሬ ሆነ።

«አይነበብም፤» አሉ።

«በቃሌ ልንገርዎት ጌታዬ። እንቁላሌ ታሽጎብኛል።»

አቶ ጥጋቡ ዝርዝሩን ዘርግተው በጣታቸው እየተከተሉ ጠየቋት። «ዳቦ ቤት ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«ወፍጮ ቤት ነሽ?»

«አይደለሁም ጌታዬ። የእንስሳት እርባታ ይላል እኮ እዚያው ላይ።»

«እንቁላል እንስሳ ነው እንዴ?»

«ሊሆን አምስት ቀን ቀርቶታል።»

«አምስት ቀን የቀረውን እንስሳ ነው ብዬ ብፈርም ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ግብርና ጽሕፈት ቤት እንስሳ ነው ብሎ ይመስክርልሽና እጽፋለሁ።»

ደብሪቱ እየተጣደፈች ወደ በሯ ተመለሰች፤ ምናልባት ውባንተ ራርቶ እንደሆነ ብላ። ውባንተ ወረቀቱ እንዳይነሣ በአዲስ ሙጫ እያጠናከረው ነበር። ንግድ አልጽፍም አለ፤ ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አላነሣም አለ፤ ወረቀቱ በሩን አልለቅም አለ፤ በሩ ደብሪቱን አላስገባም አለ፤ እንቁላሉም ሳይገላበጥ ዋለ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ወደ ግብርና ሄደች። ባለሙያው አቶ ዋኘው ቢሮ ውስጥ አየሩ አይንቀሳቀስም ብለው ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ደብሪቱ አንድ እርምጃ ስትጠጋ ወንበራቸውን አንድ እርምጃ ይስባሉ። ሁለት ስትጠጋ ሁለት ይስባሉ። እንዲህ ሲሸሹ አጥሩ ጋ ደረሱ፤ ጀርባቸው ቆርቆሮውን ሲነካ ጊዜ መሸሻ አጥተው አዳመጧት።

«እንቁላሉ ውስጥ ነፍስ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁ።

«አለ። ከመታሸጉ በፊት በባትሪ አብርቼ አይቼዋለሁ። ይንቀሳቀሳል።»

«አንቺ ማየትሽ ለመዝገብ አይሆንም። ነፍስ ካለው እንስሳ ነው፤ የኔ ነው። ነፍስ ከሌለው ቁርስ ነው፤ የኔ አይደለም። ጤና ጽሕፈት ቤት ይመርምረውና ነፍስ አለው ይበለኝ፤ እኔ ያኔውኑ እመሰክራለሁ።»

«ጌታዬ፣ እርስዎ የእንስሳት ባለሙያ አይደሉም እንዴ?»

«እሱማ ነኝ። ለዚህም ነው የምጠነቀቀው።»

ደብሪቱ ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት፤ ሁለቱንም ዋጠቻቸው። ግብርና አልመሰክርም አለ፤ ንግድ አልጽፍም አለ፤ ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አላነሣም አለ፤ ወረቀቱ በሩን አልለቅም አለ፤ በሩ ደብሪቱን አላስገባም አለ፤ እንቁላሉም ሳይገላበጥ ዋለ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሲስተር የሺመቤት በሩ ላይ ሙቀት መለኪያውን እንደ ሽጉጥ ደግና ቆማለች። የደብሪቱን ግንባር ለካች። ቦርሳዋን ለካች። አዲስ የተጻፈውን ማመልከቻም ለካችውና ትኩሳት እንደሌለበት ካረጋገጠች በኋላ ተቀበለችው።

«እህቴ፣ ነገሩ ገብቶኛል፤» አለች አንብባ ስትጨርስ። «ሄጄ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ግን የጤና ሠራተኛ ከግቢ እንዳይወጣ ተብሏል።»

«በወረርሽኝ ጊዜ?»

«በወረርሽኝ ጊዜ። በሽታው እንዳይዘን ከታመመ ሰው እንድንርቅ ታዘናል። ታማሚ ሲመጣ ራሱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ነው ሕመሙን የሚነግረን።»

«የኔዎቹ አይታመሙም። ገና አልተወለዱም።»

«አውቃለሁ። ከንቲባው ሂጂ ብለው ይዘዙኝ፤ በሩጫ እመጣለሁ።»

ሲስተር የሺመቤት ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እኔንም ደስ አይለኝም። ደግ ሰው ሆና ግቢዋ ውስጥ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን በኋላ እንቁላል ማገላበጥ ይቀራል፤ ጫጩቱ ለመውጣት ፊቱን ያዞራል። ውሃው ግን ያኔ ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው፤ ሳህኑ ከደረቀ ጫጩቱ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ደብሪቱ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ፈራች። ጤና አልመረምርም አለ፤ ግብርና አልመሰክርም አለ፤ ንግድ አልጽፍም አለ፤ ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አላነሣም አለ፤ ወረቀቱ በሩን አልለቅም አለ፤ በሩ ደብሪቱን አላስገባም አለ፤ ውሃውም መድረቅ ጀመረ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ከንቲባውን ፍለጋ ወጣች። እሳቸውን ማግኘት አስቸጋሪ አልነበረም። በየቀኑ ጠዋት በመኪና ሆነው ከተማዋን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በድምፅ ማጉያም «ከቤት አትውጡ!» ይላሉ። ሕዝቡም ማን እንደሚጮህ ለማየት ከቤት ይወጣል።

ደብሪቱ አስፋልቱ መሐል ቆመች። መኪናው ቆመ። ክቡር ከንቲባ ድልነሣው መስኮቱን ግጥም አድርገው ዘጉና ስልካቸውን አውጥተው በመስተዋቱ በኩል አሳዩዋት። ገባት፤ የስልክ ቁጥሯን በጣቶቿ አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ስልኳ ጠራ።

«ሃሎ፣ ከንቲባው ነኝ።»

«እያየሁዎት ነው ክቡር ከንቲባ።»

«ምን ልርዳሽ?»

ነገረቻቸው። ድምፅ ማጉያውን ማጥፋት ረስተው ስለነበር መልሳቸውን መንደሩ በሙሉ ሰማ። «የንግዱን ማኅበረሰብ ችግር በጥልቀት እንገነዘባለን። ነገር ግን እኔ በግሌ አላዝም፤ ግብረ ኃይሉ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ ይስጠኝ። ከዚያ ጤናን አዛለሁ።»

«የግብረ ኃይሉ ሰብሳቢ ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ይሰብስቡታ!»

ከንቲባው ለሹፌሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡ። «ስለዚህ ጉዳይ ጸሐፊውን አነጋግሪ፤» አሉና ስልኩን ዘጉ። መኪናው ዙሪያዋን ተጠማዝዞ አለፈ። ከንቲባው አላዝም አሉ፤ ጤና አልመረምርም አለ፤ ግብርና አልመሰክርም አለ፤ ንግድ አልጽፍም አለ፤ ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አላነሣም አለ፤ ወረቀቱ በሩን አልለቅም አለ፤ በሩ ደብሪቱን አላስገባም አለ፤ ውሃውም ተጋመሰ።

በሃያኛው ቀን ማዘጋጃ ቤት ገባች። የግብረ ኃይሉ ጸሐፊ አቶ ልሳኑ በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ወንበር አለ፤ አምስቱ ወንበሮች ጥግ ላይ ተደራርበው በገመድ ታስረዋል። አቶ ልሳኑ የማይዋሹ፣ ደከም ያሉ ሰው ነበሩ። ደብሪቱ ጉዳዩን ነግራቸው ስትጨርስ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ። ግብረ ኃይሉ አይሰበሰብም።»

«ለምን?»

«አባሎቹ ዘጠኝ ናቸው። አምስት ካልሞላ ምልዓተ ጉባኤ የለም፤ ምንም መወሰን አይቻልም። ባለፈው ወር ግን ራሳችን ከአራት ሰው በላይ አንድ ላይ እንዳይቀመጥ ወሰንን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተሰብስበን አናውቅም።»

«ያንን ስትወስኑ ስንት ነበራችሁ?»

«ዘጠኝ። እዚያች ትንሿ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ እየተሳሳልን።»

«ውሳኔውን ሻሩታ።»

«ለመሻር መሰብሰብ ያስፈልጋል።»

«በስልክስ?»

«በአካል ተገኝተው ካልፈረሙ ቃለ ጉባኤው አይጸድቅም። አንድ ጊዜ አራታችን ውስጥ፣ አምስተኛው በመስኮት ሆኖ ሞክረን ነበር። አቶ ዋኘው ነበሩ በመስኮት የሆኑት። አንገታቸውን ሲያስገቡ ውባንተ ቆጠረብንና በተነን።»

ደብሪቱ ወንበሮቹን አየች፤ ገመዱን አየች። «ዘጠኙ እነማን ናቸው?» አለች።

አቶ ልሳኑ ዝርዝሩን አነበቡላት። ከንቲባው አሉበት። አቶ ጥጋቡ አሉበት። አቶ ዋኘው አሉበት። ሲስተር የሺመቤት አለችበት። ራሳቸው አቶ ልሳኑም አሉበት፤ የቀሩት አራቱ ከሌሎቹ ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ደብሪቱ አምስት ቀን ሙሉ ከአንዱ የግብረ ኃይል አባል ወደ ሌላው የግብረ ኃይል አባል ስትላክ ኖራለች። ይህን ስትሰማ ንዴቷ ፍርሃቷን በለጠው።

ግብረ ኃይሉ አልሰበሰብም አለ፤ ከንቲባው አላዝም አሉ፤ ጤና አልመረምርም አለ፤ ግብርና አልመሰክርም አለ፤ ንግድ አልጽፍም አለ፤ ደንብ አስከባሪው ወረቀቱን አላነሣም አለ፤ ወረቀቱ በሩን አልለቅም አለ፤ በሩ ደብሪቱን አላስገባም አለ፤ ሳህኑም ሊደርቅ ምንም አልቀረው።

«አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ፤» አለች ደብሪቱ። «በዚህ ከተማ ከአራት በላይ ሰው አንድ ላይ መቆም የሚችልበት ቦታ የለም?»

አቶ ልሳኑ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ውሳኔውን ገለጡ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ አለፉ። «አንድ አለ፤» አሉ። «ቀብር። ለቀብር እስከ ሃምሳ ሰው ይፈቀዳል።»

ደብሪቱ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

በቀጥታ የሄደችው የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ሽበሺ ቤት ነው። ጋሽ ሽበሺ ደጃፋቸው ላይ ሽንብራ እየለቀሙ ነበር።

«ጋሽ ሽበሺ፣ ነገ ጠዋት ጡሩምባ ይንፉልኝ።»

ሽማግሌው ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። «ማን ሞተብሽ ልጄ?»

«እስካሁን ማንም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልንፋ?»

«ረፋድ ላይ ደብሪቱ በር ቀብር አለ ይበሉ። ማን እንደሞተ አይናገሩ።»

«ልጄ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ስነፋ አንድ ቀን ዋሽቼ አላውቅም።»

«አይዋሹም። ነገ ያ በር ካልተከፈተ መቶ ሰማንያ ነፍስ ይቀበራል። ከተከፈተም ስንቱ እንደሚተርፍ እግዜር ነው የሚያውቀው። ቀብር ይቀራል ብለው አይስጉ።»

ጋሽ ሽበሺ ሽንብራውን አስቀመጡ። «ድንኳኑንም ላስወጣልሽ?» አሉ በመጨረሻ።

በሃያ አንደኛው ቀን ማለዳ ጡሩምባው ተነፋ። በግራር አፋፍ ሥራ መቅረት ይቻላል፤ ስብሰባ መቅረት ይቻላል፤ ከቀብር መቅረት ግን ዕድሜ ልክ ያስወራል። ስለዚህ አገሩ ነቅሎ መጣ። ውባንተ ገመድ ዘርግቶ እየቆጠረ አስገባ፤ ሃምሳ ሲሞላ ገመዱን ዘጋ። ሃምሳ አንደኛዋ ሴትዮ ማን እንደሞተ ሳታውቅ ከገመዱ ውጭ ሆና ደረቷን ትመታ ጀመር።

ዘጠኙ ሁሉ ከሃምሳው ውስጥ ነበሩ። ከማንም ቀድመው የመጡት ከንቲባው ናቸው፤ ጥቁር ኮት ለብሰዋል፤ ጭምብላቸውም ጥቁር ነው። አቶ ጥጋቡ ያለ ማስመሪያ መጡ። አቶ ዋኘው ያለ ወንበር መጡ። ከግቢ አትወጣም የተባለችው ሲስተር የሺመቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ከቀብር የሚያግዳት ትእዛዝ ማንም አላወጣም ነበር።

ከንቲባው ወደ ደብሪቱ ቀርበው ክርናቸውን ዘረጉላት። «ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ነፍስ ይማር። ማን ነው ያረፈው?»

«ገና አላረፈም ክቡር ከንቲባ።»

«እንዴት አላረፈም? አስከሬኑስ የታለ?»

«ከበሩ ውስጥ ነው።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሣ። ደብሪቱ እጇን ወደ ላይ አንሥታ ዝም አስባለቻቸው። ያኔ ከታሸገው በር ጀርባ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አንዴ «ጺው» አለ። ቆየና ሌላው መለሰለት። ከዚያ ብዙ ሆኑ። ሃምሳው ሰው ትንፋሹን ውጦ አዳመጠ።

«ስሙ፤» አለች ደብሪቱ። «በሕይወት ያለ ነገር ይዤ አምስት ቀን በየበራችሁ ቆምኩ። አንዳችሁም ለኔ ብላችሁ አንድ እርምጃ አልተራመዳችሁም፤ አቶ ዋኘው ብቻ ተራመዱ፣ እሳቸውም ወደ ኋላ። ለሞተ ግን ዘጠኛችሁም በሰዓቱ መጣችሁ። የምትመጡት ለሞተ ብቻ መሆኑ ሲገባኝ ቀብሩን ከሞቱ አስቀደምኩት። አሁን እየወጡ ነው። ውሃ የላቸውም። ካልከፈታችሁልኝ እዚሁ ቁሙና ሲያልቁ ስሙ፤ ለሁለተኛ ጡሩምባ አላስቸግራችሁም።»

ከንቲባው ጫማቸውን አዩ። ከገመዱ ውጭ ያለችው ሴትዮ እንኳ ደረቷን መምታት ተወች። ጫጩቶቹ ብቻ ናቸው ዝም ያላሉት።

አቶ ልሳኑ ጣታቸውን እየቀሰሩ መቁጠር ጀመሩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት...» አምስት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ከፍ አለ። ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ጮኹ። «ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል! ሁላችንም አለን!»

«ግን እኮ...» አለ ውባንተ።

«ቀብር ላይ ነን፤» አሉት ጋሽ ሽበሺ። «እስከ ሃምሳ ይፈቀዳል። ራስህ አይደለህ የቆጠርከው?»

አቶ ልሳኑ ከእድሩ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ለመኑ። የለቀስተኛ ስም መመዝገቢያ ነበር፤ ጀርባው ላይ ቃለ ጉባኤ ጻፉበት። ዘጠኙም በየተራ በጋሽ ሽበሺ ጀርባ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ደብዳቤ ማጠፊያ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ግብረ ኃይሉ ወሰነ፤ ከንቲባው አዘዙ። ከንቲባው ቢያዙ ሲስተር የሺመቤት ሁለት እርምጃ ሮጣ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈችና «ነፍስ አለው!» አለች። ጤና ቢመረምር አቶ ዋኘው «ጮኋልና እንስሳ ነው» ብለው መሰከሩ። ግብርና ቢመሰክር አቶ ጥጋቡ ጉልበታቸው ላይ ጻፉ፤ ማኅተሙንም ከኮታቸው ኪስ አውጥተው መቱ። ለካስ አምስት ቀን ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ንግድ ቢጽፍ ውባንተ ወረቀቱን ላጠ፤ አጣጥፎም ለመዝገብ ያዘው። ወረቀቱ በሩን ለቀቀ፤ በሩ ደብሪቱን አስገባ፤ ደብሪቱ ሳህኑን ሞላች።

ሳህኑ ደርቆ ነበር። ጠርዙ ላይ ነጭ ክብ ብቻ ቀርቷል። ደብሪቱ ውሃውን ሞልታ፣ ሣጥኑን ከፍታ፣ ገና እርጥብ የሆኑትን አንድ በአንድ እየደረቁ ወዳሉት አዛወረች። አለቀሰች፤ በሯን ከበው የቆሙትን ለቀስተኞች ግን አላየቻቸውም። ቀኑን ሙሉ፣ ማግሥቱንም እስከ ቀትር፣ ቅርፊቱን እየሰበረ የሚወጣውን ተቀበለች። መቶ አሥራ ሁለት ጫጩት ወጣ። ስልሳ ስምንቱ አልወጣም። አንዳንዱ ምንቃሩን አውጥቶ፣ ቀዳዳ በስቶ፣ እዚያው ተጣብቆ ደርቋል።

ግብረ ኃይሉ በሥራው በጣም ኮራ። ከንቲባው በድምፅ ማጉያ «የንግዱን ማኅበረሰብ በተግባር ደገፍን» እያሉ ከተማዋን ስድስት ጊዜ ዞሩ። ጫጩት አስፈልፋይ የሚለው ቃል ዝርዝሩ ላይ ተጨመረ። ከደብሪቱ ክፍል ቀጥሎ የታሸጉት ጫማ ሰፊውና ፀጉር አስተካካዩ ግን አልተጨመሩም፤ በነሱ በር ገና ቀብር አልተጠራም።

ደብሪቱ ከቀትር በኋላ ከክፍሏ ጀርባ ጉድጓድ ማሰች። ስልሳ ስምንቱን በጆንያ አድርጋ አወጣች። ጋሽ ሽበሺ ጡሩምባቸውን ሳይዙ መጡ፤ አፈሩን አብረዋት መለሱ፤ ኮፍያቸውን አውልቀውም ትንሽ ቆሙ። «ቀብር አለ ብዬ አልዋሸሁም፤» አሉ ቀስ ብለው። ለዚያኛው ቀብር ከዘጠኙ አንድም አልመጣም።

ተረቴ ይኸው። ማኅተም የለውም፤ ፊርማም የለውም፤ ማንንም ሳታስፈቅዱ ውሰዱት።